መሐረብ የመሰከረለት ኩሬ

በካቦ መንገሻ ቀብር ላይ የሕይወት ታሪካቸውን ያነበበው ሰው ድምፁ ያማረ ነበር። ማይክሮፎኑን እፍ እፍ ብሎ ሞከረና ስለማላውቀው ሰው ማንበብ ጀመረ። በወረቀቱ ላይ ያሉት መንገሻ ዝምተኛ፣ ታጋሽ፣ ከማንም ጋር የማይጋጩ ነበሩ። እኔ የማውቃቸው መንገሻ ከበር ጋር እንኳ ይጋጩ ነበር። ቢሆንም ታገሥኩ። የሞተ ሰው ሁሉ ዝምተኛ ነውና ያንን ሐሰት ልለው አልችልም። ወረቀቱን ገልብጦ «በረጅሙ የሥራ ዘመናቸው አንድም ቀን ስህተት ያልተገኘባቸው» ሲል ግን ከተቀመጥኩበት ብድግ አልኩ። አጠገቤ የነበረች ሴት ኀዘን የጠናብኝ መስሏት ነጠላዬን ይዛ መልሳ አስቀመጠችኝ።

ኀዘን ብቻ አልነበረም፤ ንዴትም ነበር። ካቦ መንገሻን ያልረሳኋቸው ስላልተሳሳቱ አይደለም። በዕድሜዬ ካየኋቸው ስህተቶች ሁሉ ትልቁን የሠሩት እሳቸው ናቸው። ሕዝብ ተሰብስቦ እያጨበጨበላቸው አንድ ሙሉ ኩሬ ውሃ አጥፍተዋል። ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ነገር ግን በዚያን ዘመን ሌላ ሰው ሲያደርገው አላየሁም፤ ከዚያ ወዲህም እምብዛም አላየሁም።

ከቀብር ስመለስ ለሰይፉ ልነግረው ቸኩዬ ነበር። በሩን ከፍቼ «ጉድ ሰማህ?» ካልኩ በኋላ ነው ባለቤቴ ከሞተ ስምንት ወር እንደሆነው ትዝ ያለኝ። ይህን ታሪክ ከእኔ ሌላ አሟልቶ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። የታሪኩ ጎደሎም በእሱ እጅ የመጣ ነው። እዚያ ላይ እደርሳለሁ። ዓይኔም እጄም እንደ ድሮው ስላልሆኑ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው።

አሰብ የወረድነው አዲስ ተጋቢዎች ሳለን፣ በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። ሰይፉ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ተመደበ፤ እኔ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ካቦ መንገሻ ነበሩ። የወረኢሉ ሰው ናቸው፤ ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ረጅም። የነዳጅ ታንክ የሚያጸዱ ሠራተኞች አለቃ ነበሩ። ታንኩ ባዶ ሲሆን ሰዎቻቸውን አስገብተው ዝቃጩን ያስዝቃሉ፣ ያስፍቃሉ፣ ያስወለውላሉ። በመጨረሻ ራሳቸው ይገቡና ከኪሳቸው ነጭ መሐረብ አውጥተው ወለሉን ይፈትጉታል። መሐረቡ ነጭ ሆኖ ከተነሣ ይፈርማሉ፤ ከጠቆረ ሰዎቹ እንደገና ይገባሉ።

«መሐረቤ ካልመሰከረ መንገሻ አይፈርምም» ይሉ ነበር።

ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺ በሳምንት ስንት መሐረብ ያጥቡ እንደነበር እንጃ። የልብስ ገመዳቸው ላይ በተርታ ሲውለበለብ ያየ አዲስ መጪ ቤቱን የአንድ ትንሽ አገር ቆንስላ ሊመስለው ይችል ነበር። መሐረቡ ደግሞ በታንክ አልተወሰነም። እኛ ቤት ሲመጡ ከመቀመጣቸው በፊት ወንበሩን ይፈትኑበታል። የቄሱን መስቀል ሊሳለሙ ሲሉ አስቀድመው ጠረጉት እየተባለም ይታማሉ። እኔ አላየሁም፤ ሰይፉ ግን አይቻለሁ ብሎ ይምል ነበር። ከዚህ ሌላ ጠንካራ የፋብሪካ ቆባቸውን ከራሳቸው አያወርዱም። ለቅሶ ቤት ሳይቀር እሱን ደፍተው ይገባሉ። ለምን ሲባሉ «የሰው ጣሪያ አይታመንም» ይላሉ።

ከሰፈራችን ጀርባ፣ በእግር ሩብ ሰዓት የሚያስኬድ ቦታ ላይ፣ አንድ ጣሊያን ጥሎት የሄደ የአትክልት ሥፍራ ነበር። ግማሾቹ የደረቁ የቴምር ዛፎች፣ የወደቀ አጥር፣ ሞተር የተገጠመለት ጉድጓድ፣ መካከል ላይ ደግሞ ኩሬ። ኩሬ የምለው በይሉኝታ ነው። ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ረግቷል፤ ድንጋይ ቢወረወርበት ድምፅ የሚሰጠው አስቦበት ነበር። ትንኙ የሚፈለፈለው እዚያ ነው። ነፋሱ ወደኛ ሲዞር ሰፈሩ ምሳውን የሚበላው በአንድ እጁ ነበር፣ በሌላው አፍንጫውን ስለሚይዝ። ዳር ላይ የሰይፉ መሥሪያ ቤት «መዋኘት በጥብቅ ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተክሏል። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። እዚያ ውሃ ውስጥ ለመዋኘት የሚነሣ ፍጡር ቢኖር ግን ሰሌዳ አንብቦ የሚመለስ አይመስለኝም።

ኩሬውን የሚፈልጉት የአፋር ሴቶች ብቻ ነበሩ፤ ፍየሎቻቸውን ያጠጡበታል። ከእነሱ አንዷ ሐሊማ ናት። ዕድሜዋ ከሃምሳ አልፏል፤ አማርኛ የለመደችው በየቤታችን ወተት ስትሸጥ ነው። ዓለሙን በሙሉ «አንተ» ትለዋለች፣ ቄሱንም የመሥሪያ ቤቱን ኃላፊም። ካቦ መጀመሪያ ሰሞን «አንቱ በይኝ እንጂ!» ቢሏት ዞራ ከኋላቸው ተመለከተችና «ብቻህን አይደለህም እንዴ?» አለቻቸው። ከዚያ ወዲያ እንደ ዐረቦቹ አጠራር «ያ ካቦ» እያለች ትጠራቸዋለች፤ እሳቸውም እየተነጫነጩ «አቤት» ይላሉ።

አንድ ቀን መሥሪያ ቤቱ ኩሬውን በጠጠር ሊደፍነው ነው ተባለ። ምክንያቱ የሕዝብ ጤና ነው። ከተደፈነ በኋላ ቦታው የቴኒስ ሜዳ ይሆናል፤ ይህም ለሕዝብ ጤና ነው። ሕዝቡ ኃላፊውና ሁለት ጓደኞቹ ናቸው።

ሰፈሩ ተንጫጫ። በዚያን ጊዜ ጎመን የሚመጣልን ከደሴ በተሳቢ መኪና ነበር። ያን ሁሉ በረሃ ሲያቋርጥ መንገድ ላይ ይበስልና ለእኛ የሚቀረን ጨው መጨመር ብቻ ነው። የጣሊያኑ ቦታ ደግሞ ንጹሕ ውሃ ካገኘ ጎመንም ባሚያም ሐብሐብም እንደሚያበቅል ሽማግሌዎች ያውቃሉ። ሐሊማ ብዙ አልተናገረችም። «እዚህ ውሃ ከሌለ እኔም እዚህ የለሁም። ደባይሲማ ወንድሞቼ ጋ እሄዳለሁ» አለች። የደባይሲማን የበረሃ መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ንግግር እንዳልሆነ ይገባዋል።

ካቦ መንገሻ ቆባቸውን ደፍተው፣ ሰፈሩን አስከትለው፣ ኃላፊው ቢሮ ገቡ። ኃላፊው ሕዝብ ሲመጣበት ቀጠሮ መስጠት የሚወድ ሰው ነው። ከሦስት ወር በኋላ አንድ ከፍተኛ ባለሥልጣን ለጉብኝት ይመጣሉ፤ በዚያ ቀን ኩሬው ጸድቶ ውሃ ይዞ ከተገኘ ቦታው ለሰፈሩ ይሰጣል፤ ካልተገኘ በማግስቱ ጠጠሩ ይፈሳል አለ። እንደማንችል እርግጠኛ ስለነበር በጽሑፍ ሰጠን።

ሰባት ሰው ያለበት ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ካቦ፣ ጸሐፊው ሰይፉ። የመጀመሪያው ስብሰባ እኛ ቤት ነበር፤ ያለቀውም በኮሚቴው ስም ክርክር ነው። አንዱ «ኩሬ» የሚለው ቃል ክቡርነታቸው ፊት ሊቀርብ አይገባውም፣ «ሰው ሠራሽ ሐይቅ» ይባል አለ። ሌላው ሐይቅ ከተባለ ጀልባ እንጠየቃለን ብሎ ተቃወመ። ሰይፉ ሁሉንም በቃለ ጉባኤው ይጽፋል። ሲጽፍ ምላሱን በጥርሱ ያዝ ያደርጋል፤ ይህ ሁልጊዜ የነበረው ልማዱ ነው። በመጨረሻ ካቦ ጠረጴዛውን በጡጫ መቱና «ስሙን ውሃው ሲገባ ይነግረናል! አካፋ ያለው ማነው?» አሉ።

እሑድ እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ወደ ኩሬው እንወርዳለን። መጀመሪያ የሸተተው ውሃ በሞተር ተስቦ ወጣ። ከውስጡ የአልጋ ብረት፣ የስፌት መኪና፣ ጥንድ የሌላቸው ሦስት ጫማዎች ተገኙ። ከሁሉም ሥር ደግሞ የዚያው መሥሪያ ቤት የሆነ «ቆሻሻ መጣል ክልክል ነው» የሚል የቆየ ሰሌዳ ወጣ። ካቦ እሱን በመሐረብ ጠርገው ለኃላፊው ላኩለት።

ከቆሻሻው በታች እንደ ሊጥ የሚያጣብቅ ጥቁር ጭቃ አለ፣ ቁመቱ እስከ ጉልበት። ካቦ ሲያዩት ዓይናቸው በራ። ለሌላው ሰው ጭቃ ነው፤ ለእሳቸው ግን ዝቃጭ ነው፤ ዝቃጭ ደግሞ ጠላታቸው ነው። ሰዎቹን በሁለት ተራ አሰልፈው ያስዝቁ ጀመር። ባሬላው ሞልቶ ይወጣል፣ ከአጥሩ ውጭ ይደፋል፣ ባዶውን ይመለሳል። ሐሊማ ፍየሎቿን ይዛ ዳር ላይ ቆማ ታያለች።

«ያ ካቦ፣ ጭቃውን ምን ታደርገዋለህ?»

«እጥለዋለሁ።»

«ለምን?»

«ቆሻሻ ነዋ!»

«ውሃው ታዲያ ምን ላይ ይተኛል?»

«ንጹሕ መሬት ላይ!»

ሐሊማ «በአንተ አገር አልጋ የለም?» አለች።

ባሬላ የያዙት ሳቁ። ካቦ ተቆጡ። «ሴትዮ፣ እኔ ታንክ ሳጸዳ ነው የሸበትኩት!»

«ታንክ ብረት ነው» አለችና ፍየሎቿን ነድታ ሄደች።

ሰይፉ ብዕሩን አንሥቶ «ይህ ይጻፍ?» ሲል ጠየቀ። ካቦ «የፍየል እረኛ አስተያየት ቃለ ጉባኤ ውስጥ አይገባም!» አሉ። አልተጻፈም። ማናችንም ለምን አላልንም። የተማርን ሰዎች ነበርን፤ መሐንዲስ ነበረን፣ ድሬሰር ነበረን፣ እኔም አስተማሪ ነኝ።

በስምንተኛው እሑድ ጭቃው ተጠርጎ አለቀና ከሥሩ ንጹሕ፣ ቢጫ አሸዋ ወጣ። እንዲህ ያማረ ኩሬ አይቼ አላውቅም። ካቦ ቆባቸውን አስተካክለው ብቻቸውን ወረዱ፤ መካከሉ ላይ ተንበረከኩና መሐረባቸውን አሸዋው ላይ ፈተጉት። ከዚያ ከፍ አድርገው አሳዩን። ነጭ ነው። ጭብጨባው የቴምሩን ወፎች አስነሣ። ሰይፉ «የኩሬው ንጽሕና በመሐረብ ተረጋግጧል» ብሎ ጻፈ፤ ካቦ ፈረሙ።

ሞተሩ ሦስት ቀን ከነሌሊቱ ውሃ ሳበ። ኩሬው አልሞላ ሲል ካቦ «ብዙ ዘመን የጠማው መሬት ነው፣ ታገሡት» አሉ። በሦስተኛው ቀን ማታ ውሃው ጉልበት ላይ ደረሰ፤ ጥርት ያለ፣ ሰማይ የሚታይበት። ሴቶች እልል አልን። ሞተሩ ጠፋ።

ጠዋት ስንሄድ ኩሬው ውስጥ የነበረው አንድ ወንበር የሚያህል እርጥብ ቦታ ነው። እሱም እያየነው ደረቀ።

ከዚያ በኋላ የተሰማው የምሁራን አስተያየት ዛሬም ያስቀኛል። ድሬሰሩ ፀሐይ ጠጣችው አለ፤ ሌሊት እንደነበር ሲነገረው የአሰብ ሌሊት ከሌላው አገር ቀን አያንስም አለ። አንድ የወደብ ሠራተኛ ባሕሩ ስቦት ነው ሲል አስረዳ። መሐንዲሱ ስርቆትን አላስወገደም። ወሬው መሥሪያ ቤቱ ሲደርስ «ውሃው ወዴት እንደሄደ በጽሑፍ እንዲገለጽልን» የሚል ደብዳቤ መጣ። የሞተሩ ዘበኛ ተጠርቶ ቃሉን ሰጠ። «በእኔ ተራ ማንም አልገባም፣ ማንም አልወጣም» አለ። ሰይፉ ጻፈው።

ጉብኝቱ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ከኮሚቴው አንዱ በጉዳዩ አስቦበት መጣ። ክቡርነታቸው ኩሬው ዘንድ የሚቆዩት ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። ሞተሩ ቀድሞ ተነሥቶ ውሃ ሲስብ ከከረመ፣ እስኪሄዱ ድረስ ብቻ ኩሬው ሙሉ ሆኖ ይታያል። የሞተሩን ድምፅ ለመሸፈን ደግሞ የትምህርት ቤቱ ልጆች ይዘምራሉ፤ ልጆቹን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። እጅ ይውጣ ተባለ። ስድስት እጅ ወጣ። አንዱ የሰይፉ ነው። እኔ አባል አልነበርኩም እንጂ ብሆን ሰባት ይሆን ነበር።

ካቦ መንገሻ እጃቸውን አላወጡም። «ከዚያስ?» አሉ።

«ከዚያማ ኩሬው የኛ ሆነ።»

«የትኛው ኩሬ?»

ካቦ ተነሥተው ወጡ። ከበሩ ተመልሰው «አንቺ አስተማሪ፣ ነይ አብረሽኝ ሂጂ። ብቻዬን ሆኜ መሰደብ አልወድም» አሉኝ።

የሄድነው ወደ ሐሊማ ነው። ከጎጆዋ ፊት ለፊት ተቀምጣ የጠቦት እግር ታያለች። ካቦ ቆሙ። ከዚያ ቆባቸውን አወለቁ። አራት ዓመት ግድግዳ ተጋርተን ራሳቸውን ያለ ቆብ ያየሁት ያን ቀን ነው። ግንባራቸው ከፊታቸው ጠይምነት ተለይቶ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

«ሐሊማ፣ ኩሬውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ሌላም ሰው ያውቃል?»

«ፍየሎቹም ያውቃሉ» አለች። ከዚያ ግን አላሾፈችባቸውም፤ ቦታ ለቀቀችላቸው፣ አጠገቧ ተቀመጡ። አሸዋ ውሃ ይጠጣል፣ ጭቃ ግን ይይዛል፤ ጭቃው ተመልሶ ይግባ አለች። ይፈጭ፣ ይርጠብ፣ መሬቱን ሁሉ ይልበስ። ከዚያ ከብት ይርገጠው፣ እየረጠበ ይረገጥ፣ ስድስት ቀን። «ግመል ያስተኛዋል፣ ፍየል ትሰፋዋለች። ግመል ወንድሞቼ ያመጣሉ።»

ካቦ ሰምተው ሲያበቁ ጭንቅላታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «አውድማ!» አሉ። «አውድማ ነው'ኮ! አባቴ እህል ሊወቃ ሲል መሬቱን በእበት ለቅልቆ፣ በበሬ አስረግጦ፣ እንደ ሰሌዳ ያደርገው ነበር። እኔ ነኝ እበቱን የማመላልስ። ታንክ ሳይ ኖሬ ረሳሁት!»

በሚቀጥለው ሳምንት ያወጣነውን ጭቃ መልሰን አስገባን። ፀሐይ ጡብ አድርጋው ስለነበር በዶማ እየተፈለጠ፣ በዚያው ባሬላ፣ በዚያው ሰው። መሐንዲሱ ሲያስገባ ከሁሉ የበለጠ ደከመ፤ ሲያስወጣ ይዞት የነበረው እርሳስ ነበርና። ከዚያ የሐሊማ ወንድሞች ግመሎቻቸውን ነድተው ከደባይሲማ ደረሱ። ግመሎቹና ፍየሎቹ ኩሬው ውስጥ መዞር ጀመሩ። ካቦ ሱሪያቸውን ሰብስበው በባዶ እግራቸው ከኋላቸው እየተከተሉ፣ በሬ እንደሚያበራይ ሰው በወረኢሉ ዜማ ያበረታቷቸዋል። ግመሎቹ አማርኛ ባያውቁም ደስ ብሏቸው ነበር።

ሦስተኛው ቀን ላይ ጉብኝቱ በሦስት ቀን ቀደመ ተባለ። እንዲህ ያለ ጉብኝት ሁልጊዜ ይቀድማል ወይም ይቀራል እንጂ በቀኑ አይመጣም። ኃላፊው የኩሬውን ዳር ድንጋዮች በኖራ አስቀባ፣ ምንጣፍ አስነጠፈ፣ በዘምባባ ቅስት አሠራ። «እንስሶቹ ጠዋት እንዳይኖሩ» ብሎ በጽሑፍ አዘዘ። ሐሊማ ማንበብ ስለማትችል ጠዋት እንስሶቹ ነበሩ። ካቦ ማንበብ ይችላሉ፤ ነገር ግን መነጽራቸው ጭቃ ነክቶት ነበር።

ክቡርነታቸው ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሰው ከመኪና ወረዱ። በቅስቱ አለፉ፣ ምንጣፉን ረገጡ፣ ኩሬው አፋፍ ላይ ቆሙ። ከታች ግመሎች ይዞራሉ፤ አንድ ጭቃ የለበሰ አጭር ሽማግሌ ይዘፍናል።

«እንስሶቹን አስወጡ! ክቡርነታቸው መጥተዋል!» ሲል ኃላፊው ጮኸ።

«ይምጣ» አለች ሐሊማ ከታች። «ጫማውን ግን ያውልቅ።»

ሰይፉ ደብተሩን እንደያዘ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ክቡርነታቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ውሃው የት አለ?» አሉ።

ኃላፊው እጅ ነሣ። «ክቡርነትዎ፣ በአፈሩ ጠባይ ምክንያት የተፈጠረ ጊዜያዊ…»

«አፈሩ ምን አደረገ?» አሉ ካቦ መንገሻ። ዘፈናቸውን አቁመው ወደ ላይ ያያሉ። «አፈሩ ቦታው ላይ ነበር። ያነሣሁት እኔ ነኝ።»

«ስህተቱ የማን ነው?» ሲሉ ክቡርነታቸው ጠየቁ። ይህ ጥያቄ በዚያ ዘመን ሲጠየቅ ሰው ሁሉ ጫማውን ያይ ነበር። ሁላችንም ጫማችንን አየን። ጫማ ያላደረጉት ካቦ ብቻ ናቸው።

«የኔ ነው» አሉ። «ኮሚቴው ያዘዝኩትን ሠራ፤ ጥፋት የለበትም። ይህች ሴት ጭቃውን አትንካ አለችኝ፣ አልሰማኋትም። የፍየል እረኛ ቃል አይጻፍም አልኩ። ሰይፉ! አሁን ይጻፍ። የሷም ይጻፍ፣ የኔም ይጻፍ። መንገሻ ተሳስቻለሁ አለ ብለህ ጻፍ!» ከዚያ መሐረባቸውን ከኪሳቸው አወጡ፣ ጎንበስ ብለው ጭቃው ላይ ፈተጉት፣ ጥቁሩን ወደ ላይ ዘረጉት። «ክቡርነትዎ፣ ዛሬ የምፈርመው እንዲህ ሆኖ ሲነሣ ነው። ሦስት ቀን ይቀረናል። ዛሬ ውሃ ብናስገባ ያያሉ፤ ነገ የለም።»

ክቡርነታቸው ወደ ጸሐፊያቸው ዞሩ። ጸሐፊው ቦርሳውን ከፍቶ ዘጋው፤ ለእንዲህ ያለ ነገር የተዘጋጀ ፋይል አልነበረውም። ወደ ኃላፊው ዞሩ፤ ኃላፊው ያልበዋል። ሰዓታቸውን አዩ። ምሳ ላይ ትልቅ ዓሣ እንደሚጠብቃቸው ሁላችንም እናውቃለን፤ ሽታው ከግመሎቹ ሽታ ጋር እየታገለ ይደርሰን ነበር።

«ሦስት ቀን ይሰጣቸው» አሉና ወደ መኪናቸው ሄዱ። ኃላፊው አጨበጨበ።

በሦስተኛው ቀን ከብቶቹ ወጡ፣ ሞተሩ ተነሣ። ውሃው ጉልበት ላይ ሲደርስ ካቦ አንድ እንጨት ተክለው በቢላ ምልክት አደረጉበት። ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ ሲሄድ እሳቸው ቀድመው ደርሰው ከእንጨቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። ውሃው ምልክቱ ላይ ነው። የሐሊማ ፍየሎች ከማንም በፊት ገብተው ጠጡ። ከጥቂት ወራት በኋላ ከአሰብ መሬት የተቆረጠ ጎመን በላን፣ በመንገድ ያልበሰለ። ሐሊማም ደባይሲማ አልሄደችም። መሥሪያ ቤቱ «ከብት ማጠጣት ክልክል ነው» የሚል አዲስ ሰሌዳ ተከለ፤ ሐሊማ ፍየል የምታስርበት ጠንካራ እንጨት ስላገኘች መረቀቻቸው።

አሁን ጎደሎው ላይ ደረስኩ።

በዚያው ሰሞን ኃላፊው ሰይፉን ቢሮው ጠራው። ቃለ ጉባኤው ላይ «ተሳስቻለሁ» የሚል ቃል ካለ «ማን ፈቀደለት?» የሚል ጥያቄ ያስከትላል አለው። ከዚያ ራሱ አጻፈው፦ «በአፈሩ ጠባይ ምክንያት ለጊዜው የተሰወረው ውሃ በበላይ አመራር ብልህነት ተመልሷል።» የሐሊማ ስም የለም። የመንገሻም ቃል የለም። ሰይፉ ሥራውን የሚፈልግ፣ ሚስቱ ያረገዘች፣ የሃያ ስድስት ዓመት ሰው ነበር። ጻፈው።

ማታ ካቦ በግድግዳው በኩል «ሰይፉ! ጻፍከው?» ብለው ጮኹ።

ሰይፉ እኔን አየኝ። «ጽፌዋለሁ፣ ካቦ!» አለ።

ከዚያ በኋላ ስንት ዘመን አለፈ። አሰብን ለቀን ወጣን፤ እኛም እሳቸውም ዞረን ዞረን ወሎ ገባን። ካቦ በሄዱበት ሁሉ ታሪኩን ያወራሉ፤ ወጣት ጥፋቱን ሲያስተባብል ሲሰሙ «እኔ ተሳስቻለሁ ብያለሁ! በመንግሥት መዝገብ ተጽፏል! ሰይፉን ጠይቁት!» ይላሉ። ሰይፉ ያን ጊዜ ሁልጊዜ ውጭ የሚያደርገው ነገር ያገኝ ነበር።

በመጨረሻው ሕመሙ ወቅት «ለመንገሻ ንገሪያቸው» አለኝ። ምኑን አላልኩትም። እሺ አልኩት።

ለቅሶው ላይ ካቦ በከዘራ ተደግፈው መጡ። ኮፍያቸውን በሩ ላይ አወለቁ፣ ድንኳኑ መካከል ቆሙና በዚያ ረጅም ድምፃቸው «ሰይፉ እውነተኛ ጸሐፊ ነበር» አሉ። «ሌላው ቢሆን የኔን ቃል ያስተካክለው ነበር። እሱ እንዳለ ጻፈው!» ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ከኪሳቸው መሐረብ አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉ። ያን መሐረብ እያየሁ መንገር አቃተኝ። ለአርባው እነግራቸዋለሁ አልኩ፤ ከዚያ ለሙት ዓመቱ አልኩ። እሳቸው አልጠበቁኝም።

ያ ድምፀ መልካም ሰው ያነበበውን ወረቀት ከልጃቸው ለምኜ ወስጃለሁ። «ስህተት ያልተገኘባቸው» የሚለውን በእስክሪብቶ ሰርዤ፣ በኅዳጉ ላይ ቦታው ስላልበቃኝ ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት። ሲያበቃ እንዲህ ይነበብ፦

ከኩሬው ጭቃውን ያስወጣው መንገሻ ነው። ሐሊማ አስቀድማ ነግራው ነበር፤ ቃሏ አልተጻፈም። መንገሻ በሰው ሁሉ ፊት ተሳስቻለሁ ብሏል። ጸሐፊው ሰይፉ ይህን ሳይጽፍ ጽፌዋለሁ ብሏል፤ እሱም ተሳስቷል። እኔ እያወቅሁ ዝም ብያለሁ።

ስለ ጸሐፊው፣ ሚስቱ ፈርሜያለሁ።